«አ» እትዬ አማረች ቤት ናት

ደብረ ታቦር ዙሪያ
ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

«እነዚህ እናቶች ከሚማሩ ቢጫወቱ ይሻላቸዋል።»

ይህን ያለው ከወረዳ የመጣው የጎልማሶች ትምህርት ባለሙያ አቶ ደረጄ ነው። ለእኔ ብሎ አልተናገረም፤ ውጪ ቆሞ ለሞተረኛው ሲያወራ፣ የክፍላችን መስኮት መስተዋት ስለሌለው ሰማሁት። ልጄ ዓይናለም፣ የወረዳ ሰው ሃምሳ ደቂቃ በሞተር ተንገላቶ መጥቶ የሚናገረው ነገር በከንቱ አይሆንም ብዬ በቃለ ጉባኤ አሰፈርኩት፦ «ከወረዳው በተሰጠው የቃል መመሪያ መሠረት እናቶቹ ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ይጫወታሉ።»

ሰላምታን ወደ ሁለተኛ ረድፍ ስላወረድኩት ይቅር በዪኝ። እንደምን ከርመሻል? እኛስ ደህና ነን። እናትሽ እትዬ አማረች ደህና ናት፤ ጥቁሯ ላም ደህና ናት፤ ገብሱም ደህና ነው፤ ድንቹ ብቻ ቅጠሉን አሞታል። እመቤታችን በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ትሁንሽ፤ የሻርጃን ሙቀት ታብርድልሽ። ከእኛ ብርድ ቆርሶ መላክ ቢቻል ኖሮ የዚህ ወሩ ብቻ ለሰፈራችሁ በበቃ።

በስልክ ማውራት እያለ ለምን ወረቀት እንደምናበላሽ ታውቂያለሽ። የእናትሽ ስልክ ከድምፅ ማጉያው በቀር የሚሠራ ነገር የለውም። በደወልሽ ቁጥር ጎረቤታችን ደምሴ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ «ደህና ነን በያት» እያለ ይመልስልሻል። ባለፈው ወገቤን አመመኝ ስትያት በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሦስት ሰው መድኃኒት አዘዘልሽ። ስለዚህ ቁም ነገር ሲኖር እናትሽ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። እንዲህ ስንኖር፣ ባለፈው ወር ወረቀቱን ዘርግቼ «እሺ እትዬ፣ ልጀምር» ብላት እንዲህ አለችኝ፦

«ይሻው፣ አንተን የማላስጽፈው ነገር ቢኖረኝስ?»

«ማንን ልታስጽፊ ነው?»

«ማንንም። ራሴ እጽፈዋለሁ። አንድ ደብዳቤ ብቻ። የማንም ዓይን ሳያርፍበት ከእጄ እጇ የሚገባ።»

ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። የዘር ቀን ስትቆጥር አትሳሳትም፤ ፊደል ግን መኖሩን ብቻ ነው የምታውቀው። በእሑዱ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች። እኔም አራት እሑድ ሙሉ ሀ ሁ ሂ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ ዐሥራ አራት እናቶች፣ ቅዳሴ ቆመው የመጡ፣ ግድግዳውን ተደግፈው አንቀላፉ። አቶ ደረጄ መጥቶ ያየው ይህንኑ ነው።

እሱን ሸኝቼ ስመለስ እነዚያው እንቅልፋሞች ከወይራው ሥር ገበጣ ይዘዋል። እናትሽ አንድ እፍኝ ጠጠር አነሣች፤ የት እንደሚያልቅ ሳትዘራው ታውቃለች፤ አብራት የምትማረውን የማስተዋልን ሁለት ቤት በላች። ማስተዋል «ዓይንሽ ይጥፋ» አለቻት፣ በፍቅር። አስቢው፤ ስድስት ቤት ወደፊት በልቧ የምታሰላውን ሴት እኔ በመዝገብ «ትምህርት የመቀበል ችግር አለባት» ብዬ ጽፌያለሁ።

ጠጠሩን በቆርኪ ልለውጠው ነው። በእያንዳንዱ ቆርኪ ሆድ አንድ ፊደል። ጠመኔ ይራገፋል፤ እስክሪብቶ አይይዝም፤ ማስተዋል ደግሞ «የማይለቅ የጥፍር ቀለም ብቻ ነው» ትላለች። እንግዲህ ከአንቺ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ወደ አገር የሚገባ ሰው ስታገኚ ቀይ የጥፍር ቀለም ላኪልኝ። ለራሴ አለመሆኑን ለሚያመጣው ሰው አስረጂልኝ።

የእናትሽ የአክስቷ ልጅ፣ ያንቺም የአራተኛ ክፍል መምህር
ይሻው


ሻርጃ
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ይሻው፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ወገቤም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለታዘዘልኝ መድኃኒት ሁሉ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ ብሏል። ዕድሜዎን ያርዝመው፤ የሚያስተምሩበትን ጉሮሮ አይዝጋብዎት።

የጥፍር ቀለሙ በፍቅርተ እጅ ይደርስዎታል። ወደ አንበሳሜ ወላጆቿ ዘንድ ስለምትገባ በደብረ ታቦር ታልፋለች። ሁለት ቀይ፣ አንድ ሐምራዊ፣ አንዱ ብልጭልጭ ነው። ለፍቅርተ «አጎቴ መምህር ነው» አልኳት፤ «እሺ፣ መምህርም ሰው ነው» አለችኝ። ከዚህ በላይ ማስረዳት አልቻልኩም። ብልጭልጩን የመረጠችው ዙለይካ ናት። ዙለይካ የደብረ ታቦር ከተማ ልጅ ናት፤ ከጎናችን ያለው ቤት ትሠራለች፤ ዓርብ ዓርብ ጣራ ላይ ልብስ ስናሰጣ እንገናኛለን። ሰላም ብላለች።

ጋሼ፣ ደብዳቤዎ ደስ አሰኝቶኝ አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣ አለ። እናቴ ከእርስዎ የምትደብቀው ምን አላት? አሟት ነው? የደበቀችኝ ነገር ካለ ይንገሩኝ። እርስዎ ባያውቁትም የፊቷን ነገር አይተው ይንገሩኝ። ትበላለች? ትስቃለች?

ሌላው፣ የምጦራቸው ሴትዮ፣ ሐጃ የምንላቸው፣ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከሰዓት በኋላ ዶሚኖ እንጫወታለን፤ ሲሸነፉ መድኃኒታቸውን አልውጥም ይላሉ። የቆርኪውን ጨዋታ ብነግራቸው ወደዱት፤ የእናንተን ፊደል አስተምሪኝ አሉ። እባክዎ ጨዋታውን ከሥሩ ጀምረው ይጻፉልኝ። የሚያውቅ ሰው እንደሚያነበው ሳይሆን፣ ከ«ሀ» ጀምሮ ምንም እንደማያውቅ ሰው አድርገው ይጻፉት።

ልጅዎ ዓይናለም


ደብረ ታቦር ዙሪያ
ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ዓይናለም፣

ጥምቀት ሊገባ አንድ ሳምንት ቀርቶታል፤ በረከቱ አንቺ ዘንድ ድረስ ይርጠብ። ብርዱ እንዳለ ነው፤ እኛም እንዳለን ነን።

አስቀድሜ ስለ እናትሽ። ትበላለች፤ ትስቃለችም፤ በተለይ ሰው ስትበላ ትስቃለች። በገበጣ ማለቴ ነው። የምትደብቀውን ግን እኔም አላወቅሁም። ብጠይቃት «ፊደሉን ጨርስልኝና አርፈህ ተቀመጥ» አለችኝ።

ሁለተኛ፣ የእጅ ጽሑፍሽ። ደብዳቤሽን ወስጄ ለአራተኛ ክፍሎች አሳየኋቸው። «ይህች የእኔ ተማሪ ናት፤ እዚያች ወንበር ላይ የተቀመጠች» አልኳቸው። ፊደሉ እንደ ማተሚያ ቤት፣ ነጥቡ በቦታው። ብዙ ሰው አስተምሬ እንዲህ የሚጽፍ በጣቴ የምቆጥረው ነው። አደራ፣ እንዳትረሺው።

አሁን ወደ ጨዋታው። ለሐጃዋ እንዲህ ብለሽ አስረጂያቸው። ዐሥራ ሁለት ቤት ይኖራል፤ ስድስቱ ያንቺ፣ ስድስቱ የእሳቸው። እኛ መሬት ቆፍረናል፤ እናንተ የእንቁላል ካርቶን ይበቃችኋል። በየቤቱ አራት ቆርኪ ይገባል። ከአንድ ቤት ያለውን በሙሉ ታነሺና ወደ ቀኝ አንድ አንድ እየጣልሽ ትሄጃለሽ። ስትጥዪ የፊደሉን ስም ጮክ ብለሽ ትጠሪያለሽ፤ መጥራት ካቃተሽ ቆርኪው ለባላጋራሽ ነው። የመጨረሻው ቆርኪ በወደቀበት ቤት ያሉት ፊደላት ቃል ከሠሩልሽ ቤቱን በሙሉ ትበያለሽ። ያላነበቡትን መብላት ክልክል ነው። በአምስት ፊደል መጀመር ነው፤ ሁለት እሑድ ሲያልፍ አምስት ጨምሪ።

ቆርኪውን የለቀምኩት ከደብረ ታቦር ግሮሰሪዎች ነው፤ ሦስት መቶ ያህል። በዚያ ሰሞን መምህር ይሻው መጠጥ ጀመረ ተባለ። ቀጥሎ ጣቶቼ ላይ ቀይ ቀለም ሲታይ ሰዉ መጠጡን ተወልኝ።

ዓይናለም፣ እንቅልፍ የሚባል ከክፍላችን ጠፋ። ሴቶቹ ሳይጠሩ ይመጣሉ፤ ሲወጡ ይጣላሉ። ግን አንድ ያላሰብኩት ነገር መጣብኝ። የበሉትን ቆርኪ ይዘው ቤታቸው ይገባሉ። «ገበጣ ሲያልቅ ጠጠሩ ይመለሳል እኮ» ብላቸው ማስተዋል ምን አለችኝ? «ጠጠር ሜዳ ላይ የወደቀ ነው፤ ይኸ ግን ለፍተን ያመጣነው ነው። አንተ ዲፕሎማህን መልሰሃል?»

ባለፈው እሑድ «አባት»ን ላስጽፋቸው ብል «አ» የሚባል ፊደል ክፍሉ ውስጥ የለም። የት ሄደች?

«እትዬ አማረች ቤት ናት።»

ተነሥቼ ሄድኩ። እናትሽ ዐሥራ ሰባት «አ» በአገልግል ከድና አስቀምጣለች። «መልሺ እትዬ፤ ሴቶቹ አባት መጻፍ አልቻሉም» አልኳት። «አባት ያላቸው መጥተው ይዋሱ» አለችኝ። እንግዲህ አሁን እየተዋዋሱ ነው የሚማሩት። ማስተዋል «መ»ን ከነዘሮቹ ይዛለች፤ ከእሷ አንድ «ማ» ለመዋስ አንድ «አ» መያዣ ማስያዝ ያስፈልጋል። እኔ ለማስተማር ፊደል የምለምነው ከተማሪዎቼ ነው።

ስወጣ ግን አንድ ነገር አየሁ። ቁርበቱ ላይ አምስት ቆርኪ በተርታ ደርድራ ነበር፤ ስገባ በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነቻቸው። ነጠላው ስስ ነው። ስምሽ ነበር።

ይሻው


ሻርጃ
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ይሻው፣

እንደምን ከረሙ? የጾሙ ጊዜ እየገባ ነውና በሰላም ያስጀምርዎት፤ በሰላም ያስፈታዎት። ደብዳቤዎን በሁለት ዓርብ ነው የጨረስኩት፤ ስለ ነጠላው ያለው ቦታ ላይ ስደርስ ዙለይካም እኔም ልብስ ማስጣቱን ተውነው።

ሐጃዋ ጀምረዋል። ቆርኪ ስላጣን የጭማቂ ጠርሙስ ክዳን አደረግነው። ጋሼ፣ ሴትዮዋ ያጭበረብራሉ። የበሉትን ትራሳቸው ሥር ይደብቁና «እዚያ ምንም የለም» ይላሉ፤ ሲገላበጡ ይንኳኳል። «ለ» እና «በ»ን ለይተዋል። «ሸ» ሲወጣ ግን ዶሚኖ ይሻለኛል ይላሉ። ልጃቸው መጥታ አይታ ምንድን ነው ብትላቸው «ጦርነት ነው» አሏት።

ሐጃዋ ዓይናቸው ደክሟልና ፊደሎቹን ትልቅ ትልቅ አድርገው በወረቀት ይላኩልኝ። አንድ በገጽ ቢሆን ጥሩ ነው። ደግሞ አንድ ጥያቄ አላቸው። ሰው ሀ ሁ ሂን ከላይ እስከ ታች በቃሉ ሲያወርድ ኖሮ፣ አንዱን ፊደል ብቻውን መንገድ ላይ ሲያገኘው የማያውቀው ለምንድን ነው? በዚህ ዕድሜስ ይለቃል ወይ? ብለሽ ጠይቂልኝ ብለዋል።

እናቴ የት ደረሰች? ዓረፍተ ነገር ጀመረች? እንዳትቸኩል ይንገሩልኝ። ደብዳቤው ቢዘገይም ግድ የለኝም።

ልጅዎ ዓይናለም


ደብረ ታቦር ዙሪያ
ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ዓይናለም፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። ጾሙን ያለ ሕመም ፈታን። በግ አልታረደም፤ ዶሮው ግን ለሁለታችን በቅቶ ለደምሴም ተርፏል፤ ደምሴ ሽታውን ከአጥሩ ማዶ ሰምቶ «እንኳን አደረሳችሁ» ሲል ምን እናድርግ?

የሐጃዋ ጥያቄ የሊቅ ጥያቄ ነው። መልሱን እንዲህ በያቸው። ያ የድሮ መምህራን ጥፋት ነው። ልጁ የሚማረው ዜማውን ነው፤ ፊደሉ በዜማው መሀል ተሰልፎ ሲያልፍ ያውቀዋል፤ ከሰልፉ ሲወጣ አያውቀውም። አረብ አገርም እንዲህ ያስተምሩ ኖሯል ማለት ነው። ይለቃል ወይ ላሉት ይለቃል፤ እናትሽን ማየት ነው። በእኔ ክፍል ግን ዜማውን ብቻ ይዞ ያለፈ ልጅ አላጋጠመኝም።

የላክሁልሽ ፊደል አንድ በገጽ ነው። ወረቀቱ የፈተና ጀርባ ስለሆነ ሐጃዋ ወደ ኋላ ገልብጠው ካዩ የ2014 የሒሳብ ጥያቄ ያገኛሉ።

አቶ ደረጄ ተመልሶ መጣ። ቃለ ጉባኤውን አንብቦ «እኔ ይህን መመሪያ መቼ ሰጠሁ?» አለ። ቀኑን ነገርኩት። ሰዓቱንም። ወይራው ሥር ወጣና «ፊደል አምጡ፤ ልፈትናቸው» ሲል አንድ ቆርኪ የለም።

«ፊደሎቹ የት አሉ?»

«በየቤታቸው።»

«የትምህርት ቤቱ ንብረት?»

እናትሽ ታዲያ «ና ተቀመጥ ልጄ፤ ፊደል ከፈለግህ አሸንፈህ ውሰድ» አለችው። ተቀመጠ። መጀመሪያ የአክብሮት ነበር፤ በኋላ ጃኬቱን አወለቀ። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነው፤ ሁሉንም ፊደል ይጠራል፤ ግን ገበጣ አይችልም። ስሟን በላችበት። የልጇን ስም በላችበት። በመጨረሻ «ደረጄ» ብላ የራሱን ስም ከራሱ ቤት ስትበላበት ሴቶቹ እልል አሉ። ሪፖርቱን አይቼዋለሁ፦ «ፊደላቱ በማዕከሉ አይገኙም፤ በተሳታፊዎች ቤት ይገኛሉ። ፕሮግራሙ ይቀጥል።»

እናትሽን ለጉልበቷ በሐሙሲት በኩል ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ስወስዳት ደግሞ መናኸሪያ ላይ አዋረደችኝ። ረዳቱ «ሐሙሲት! ሐሙሲት!» እያለ ይጠራል፤ እሷ ሚኒባሱ ደጅ ቆማ አልገባም አለች።

«ወረታ ነው የሚለው» አለች፣ ታፔላውን እያሳየች።

«እማማ፣ ታፔላው የትላንት ነው፤ ይግቡ።»

«እኔ ይኸን ለማንበብ ስድስት ወር ለፍቻለሁ። አንተ አንድ ታፔላ መቀየር አቃተህ?»

ሰዉ ሁሉ ወረደ። ታፔላው ተቀየረ። ሄድን።

አሁን ዋናውን። ደብዳቤዋ አልቋል። ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። ማንም ሳያያት፣ በሯን ዘግታ፣ ቆርኪ እየደረደረች ወደ ወረቀት ስትገለብጥ ቆየች። አንድ ቀን ብቻ ደምሴን በአጥሩ በኩል «ቆ» ቤቱ እንዳለ ጠየቀችው። ፖስታውን በሙጫ ማሸጌን አይታ አላመነችኝም፤ ዙሪያውን በጥቁር ክር ሰፋችው። ከአንቺ በቀር ማንም እንዳያነበው፣ ለአንቺም ማንም እንዳያነብልሽ አስምላኛለች። ሁለተኛው መሐላ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም፤ ግን ምያለሁ። ወደ ሻርጃ በምትመለሰው በትርንጎ እጅ ይደርስሻል።

ይሻው


ደብረ ታቦር ዙሪያ
ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዓይናለም፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ትርንጎ ፖስታውን በእጅሽ እንደሰጠችሽ ነግራኛለች። በስልክም «ደርሶኛል» ብለሽ ሌላ ሳትጨምሪ ዘጋሽው። እነሆ ሁለት ወር ሊሞላው ነው።

እናትሽ እሑድ እሑድ ጨዋታው ሲያልቅ «ሰው መጣ?» ትለኛለች። የለም ስላት «ጊዜ ይወስዳል» ትላለች። የምን ጊዜ እንደሆነ አትነግረኝም። የጻፈችው ክፉ ነገር ከሆነ፣ ያስቀየመሽም ከሆነ፣ ልጄ፣ ለፊደል አዲስ ናትና ቃል ተሳስታ ይሆናል። ስሕተቱ የመምህሯ ነው በዪ።

ዝናቡ ጀምሯል፤ ወይራው ሥር መቀመጥ ስላልተቻለ ክፍል ገብተናል። ማንም አያንቀላፋም።

ይሻው


ሻርጃ
ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ይሻው፣

እንደምን ነዎት። እኔ ደህና ነኝ። ሰላምታዬ አጭር ነው። እጄ ይደክማል።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ዙለይካ የለችም። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያለፉትን የጻፈችው ዙለይካ ናት። እኔ እናገራለሁ። እሷ ትጽፋለች። የአንቱንም የምታነብልኝ እሷ ናት። ለተማሪዎችዎ ያሳዩት የእሷ እጅ ነው። የእሷ መምህር ሌላ ሰው ነው።

ማንበብ አልችልም ነበር። ሰሌዳውን አይቼ እገለብጥ ነበር። ደብተሬ ንጹሕ ነበር። ሀ ሁ ሂ በዜማ አወርዳለሁ። አንቱ ደብተሬን አይተው ጎበዝ አሉኝ። ጎበዝ ከተባልኩ በኋላ አላውቅም ማለት አፈርኩ።

የሐጃዋ ነገር ውሸት አይደለም። እውነት ይጫወታሉ። እውነት ያጭበረብራሉ። ተማሪዋ ግን እኔ ነበርኩ። ያቺን የሀ ሁ ሂ ጥያቄ የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

የእናቴ ፖስታ መጣ። ዙለይካ የአንቱን ደብዳቤ አነበበችልኝ። ማንም አያንብብልሽ የሚለው ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አጠፈች። ልክፈተው ወይ አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ትራሴ ሥር አደረግሁት። እናቴ ታማ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ከሐጃዋ ጋር በየቀኑ ተጫወትን። ያላነበቡትን መብላት ክልክል ነው። በሐምሌ ክሩን ፈታሁት። አራት ቀን ፈጀ። እንዲህ ይላል።

«ልጄ ዓይናለም። ማንበብ እንደማትችዪ አውቃለሁ። የላሟን መድኃኒት አንብቢልኝ ስልሽ ብልቃጡን ዘቅዝቀሽ ሀ ሁ ሂ ያልሽ ቀን አወቅሁ። ለይሻው አልነገርኩም። በአንቺ ይኮራል። ይህን በእሱ እጅ ማስጻፍ አልችልም። እኔም አላውቅምና ምን ብዬ እቆጣሻለሁ። አሁን ግን ተማርኩ። አንቺም ተማሪ። ይህን ካነበብሽ ተምረሻል ማለት ነው። እናትሽ አማረች።»

አልታመመችም። እኔ ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ሳቅሁ። ሐጃዋ ማን ሞተ ብለው መጡ።

ልጅዎ ዓይናለም


ደብረ ታቦር ዙሪያ
ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓይናለም፣

ዛሬ ሩፋኤል ነው። ዝናብ ሲጥል መንደሩ ሁሉ ሊጠመቅ ወጣ፤ እኔም ደብዳቤሽን በፕላስቲክ ጠቅልዬ በዚያው ዝናብ እናትሽ ዘንድ ሄድኩ። የዛሬው ጠበል አንቺንም ይንካሽ።

«ላንብብልሽ?» አልኳት።

እጇን ዘረጋችልኝ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ አነበበችው። ውስጡ ያለው የራሷ ደብዳቤ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ስትጨርስ ከአጥሩ ማዶ «ደህና ናት ማለት ነው?» የሚል ድምፅ መጣ። «ደህና ናት ደምሴ፤ ጽፋለች» አለችው።

«እትዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት አውቀሽ?» አልኳት።

«አውቄ።»

«ምነው አልነገርሽኝ?»

«ይሻው፣ አንተ መልካም መምህር ነህ። ብቻ ጎበዝ ለማለት ትቸኩላለህ።»

አገልግሉን ከፍታ አንድ «አ» አውጥታ ሰጠችኝ። ለክፍሉ መሆኑ ነው፤ በዘጠኝ ወር ውስጥ የመጀመሪያው ልግስናዋ ነው።

ዜና ልንገርሽ። ሴቶቹ የጽዋ ማኅበራቸውን ተራ ራሳቸው ጽፈው ለጠፉ፤ የማስተዋል ተራ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ተገኘ፤ የጻፈችው ማስተዋል ናት። አቶ ደረጄ በሚመጣው ዓመት ለስድስት ቀበሌ ቆርኪ ይሰብሰብ ብሏል፤ በዚህም ምክንያት ስለ እሱ መጠጥ ጀመረ እየተባለ ነው። እሱም ራሱ በትርፍ ሰዓቱ እየመጣ ገበጣ ይማራል። እስካሁን አላሸነፈም።

ለዙለይካ እንዲህ በያት፦ አራተኛ ክፍሎች ያሞገሱት እጅ የእሷ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ። ያንቺን ደግሞ አጠገቡ ለጥፌዋለሁ። አንድ ልጅ «ይቺኛዋ ማን ናት?» ቢለኝ «ይቺኛዋ የምታነበው ናት» አልኩት። ለሐጃዋ እጅ ነሥቻለሁ፤ ትራሳቸው ሥር ያለውን ይመልሱ።

ለሚመጣው ዓመት የጥፍር ቀለም ያስፈልገናል። ብልጭልጩ ይሁን፤ በእሱ የተጻፈውን ማንም መዋስ አይወድም፤ ይበላዋል እንጂ።

አዲሱን ዓመት የጤና፣ የደብዳቤም ያድርግልሽ።

ይሻው

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ የትምህርት ቤቱን መጋዘን ከፍቼ የ2000 ዓ.ም. የአራተኛ ክፍል ሮስተር አወጣሁ። ዳሩን አይጥ በልቶታል፤ ያንቺ ረድፍ ግን ደህና ነው። አማርኛ ዘጠና አንድ፤ ከሰማንያ ሦስት ተማሪ ሁለተኛ። «የመምህሩ አስተያየት» በሚለው ሥር በእኔ እጅ «ጎበዝ አንባቢ» ተብሎ ተጽፏል።